ለእማዬ፦ የሽምብራው እሸት ሳያልፍ

ቱሉ ዲምቱ፣
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይንሽን እንዳታደክሚ እህቴ ታንብብልሽ፤ ያልጣመሽ ቦታ ላይ ስትደርስም "ይሄን እለፊው" እንዳትያት። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ገና ስለ ምግብ ሳነሳ "እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?" ትይኝና ወሬው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ባለፈው ለግፊትሽ ሐኪም ቤት አብረን ስንገባ ሐኪሟ "እማማ፣ ጨው ይቀንሱ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያብዙ" ስትልሽ ራስሽን ነቅንቀሽ ተቀበልሽ። ደጅ ስንወጣ ግን "ጎመንማ ስንት ክረምት በላሁ፤ ይበቃኛል" አልሽኝ። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ነው የገባኝ።

አንቺ ምንጃር ስታድጊ ጎመን የችግር ወር ምግብ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ከጓሮ የሚለቀመው እሱ ብቻ ነበር። እንቁጣጣሽ ሲደርስ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!" ስትዪ እኛ ከኋላሽ እየተከተልን እንጮህ ነበር። ለእኛ ጨዋታ ነበር። አንቺ ግን የምታውቂውን ረሃብ ከደጅ እያስወጣሽ እንደነበር አሁን ነው የማስበው። ለእኛም ሥጋ በገባ ቀን ጉርሻው የእኛ፣ መረቁ የአንቺ ነበር። እንዲህ አድርጋ ያሳደገችኝን እናት "ጎመን ብዪ" ማለት እንደ ውለታ ቢስነት ቢሰማሽ አይገርመኝም። እማዬ፣ ወደዚያ ዘመን ተመለሺ ማለቴ አይደለም። "ጎመን በጤና" ማለትንም ከአንቺው ነው የሰማሁት።

እዚህ አዲስ አበባ ጫፍ ላይ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ወሩን የማውቀው በሚሸጠው ነገር ሆኗል። ነሐሴ ላይ ታክሲ መያዣው አጠገብ ሴቶቹ ከሰል አቀጣጥለው የበቆሎ እሸት ሲጠብሱ ሽታው ገና ከመኪና ሳልወርድ ይቀበለኛል። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ እስካሁን የሚያርሱ ሰዎች አሉ። አንዷ እናት በጠዋት ቆርጣ፣ ጤዛው ቅጠሉ ላይ እንዳለ ታመጣልኛለች። የበቆሎ እሸት ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ ሰዓት ይቆጥራል፤ ውስጡ ያለው ስኳር ስታርች ወደሚባለው፣ ጣፋጭነት ወደሌለው ነገር እየተለወጠ ይሄዳል። የዕለቱን በዕለቱ የቀቀልኩትና ሦስት ቀን ያደረው አንድ ዓይነት በቆሎ አይመስሉም። አንቺ "ውሃው ይፈላ እንጂ በቆሎው አይጠብቅም" እያልሽ ድስት ከጣድሽ በኋላ ወደ ጓሮ የምትልኪን ለካ ለዚህ ነበር!

አሁን ደግሞ የባቄላ እሸት ወቅት ነው። ከሰንዳፋ በኩል የመጣ ነው ብለው መንገድ ዳር በማዳበሪያ እያፈሰሱ ይሸጡታል። ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ፈለፈልን። የመጀመሪያውን ስትከፍተው "ጥጥ አለው!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ ውስጡ ነጭ ለስላሳ ነገር ተነጥፎበት አራት ፍሬ ተደርድረው ተኝተዋል። እያንዳንዱን በአውራ ጣቷ እየነካካች ስታወጣ አመሸች፤ ግማሹንም ጥሬውን በላችው። የቀረውን በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስኩት። በጽጌ ጾም ከዚህ የተሻለ ምን ይበላል?

አንድ ነገር ግን ደብቄሽ ነበር፤ ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ያ ሁሉ ሜዳ ደርቆ ሳለ፣ የሚያምር አረንጓዴ ሰላጣ አግኝቼ ገዛሁ። አጥቤው ነበር፤ ይመስለኛል በደንብ አላጠብኩትም። ልጄ ተቅማጥ ይዟት ሦስት ቀን ተኛች፤ ሐኪሙም አሜባ ነው አለን። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። በኋላ ሰላጣው የመጣበትን ቦታ በአጋጣሚ አየሁት፤ ፓምፑ የተተከለው ወንዙ ውስጥ ነው። አቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ይዞ ነው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርደው። ተመራማሪዎች በዚህ ውሃ ከሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ጤና የሚጎዱ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ጀርሙን በንጹህ ውሃ ደጋግሞ በማጠብና በማብሰል መከላከል ይቻላል፤ ቅጠሉ ከሥሩ የመጠጠው ብረት ግን በማጠብ አይወጣም።

ስለዚህ አሁን ቅጠል ስገዛ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት "የዝናብ ነው የወንዝ?" እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ አንዳንዷ ትስቅብኛለች። እኔ ግን ወቅቱን ጠብቆ መብላት ለምን እንደሚበጅ የገባኝ በዚህ ነው። ክረምት ላይ ጎመኑም፣ ቆስጣውም፣ ድንቹም የሚያድገው ከሰማይ በወረደ ውሃ ነው፤ ማንም ወንዝ ውስጥ ፓምፕ አይነክርም። መስኖ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣላችሁን ሽንኩርትና ቲማቲም እኔም እገዛለሁ። የምፈራው ከከተማ ሥር የሚወጣውን ውሃ ነው።

ስለ አበሳሰሉ አንድ ነገር ልበልሽና አትቀየሚኝ፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና። ጎመኑን ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ውሃውን እንደፋው ነበር። ቫይታሚን ሲና ፎሌት ከሚባሉት ቫይታሚኖች ብዙው ከዚያ ውሃ ጋር ነው የሚሄደው። አሁን እኔ ሽንኩርቱን ካቁላላሁ በኋላ ጎመኑን ጥሬውን ከትፌ እጨምርና በራሱ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ከድኜ አወጣዋለሁ። ሲወርድ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ ሎሚው በጎመኑ ውስጥ ያለውን፣ ለደም የሚያስፈልገውን ብረት (አይረን) ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል፣ ጨውም ያስረሳል። ለግፊትሽ ስል እኔም ቤቴ ጨው ቀንሻለሁ፤ ስትመጪ አልጫ ሆነብኝ እንዳትዪ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ትልቅ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት ይብላ ይላል፤ ድንች እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሚዛን አያስፈልግሽም፤ ጠዋት አንድ ቁራጭ ፓፓያ፣ ምሳ ላይ ጭልፋ ጎመን ወይም ዱባ፣ ማታ አንድ ሙዝና ትንሽ ካሮት ብትበዪ እዚያው ገደማ ትደርሻለሽ። አዳማ ፓፓያ አይጠፋም፤ ለጥርስሽም ይመቻል፣ ለድርቀትሽም ጥሩ ነው። ለእህቴ ደግሜ እነግራታለሁ፤ ቆርጣ ታቅርብልሽ እንጂ "ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ" ብላ አትለፍሽ። ማንጎ ግን ይቆየን፤ የአርባ ምንጩ ሲደርስ፣ ሚያዝያ ላይ፣ እራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከእኛ በታች ያለው ሜዳ ዋልካ መሬት ነው፤ ምንጃርን ያስታውስሻል። ሽምብራው መስከረም ላይ ተዘርቶ አሁን ብቅ ብሏል። ለአንቺ ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ለልጄ ግን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ከእንግዲህ ዝናብ አይጠብቅም፣ ጥቁሩ አፈር ሆዱ ውስጥ የያዘውን እርጥበት እየጠጣ ያድጋል። ታኅሣሥ ላይ እሸቱ ይደርሳል። ከነግንዱ ተነቅሎ፣ ታስሮ፣ መንገድ ዳር ይደረደራል። ያንን እስር ጭንሽ ላይ አድርገሽ እየለቀምሽ፣ አንዱን ለእኔ አንዱን ለወንድሜ በአፋችን ስታቀብዪን ትዝ ይልሻል? ቅጠሉ ከንፈራችንን ኮምጠጥ፣ ጨው ጨው እያለ ያቃጥለን ነበር፤ እኛም ምላሳችንን አውጥተን እንልሰው ነበር። ልጄ ይህን ሰምታ "አያቴ ትምጣና ታሳየኝ" ብላለች። እኔ ላሳያት እችል ነበር። ግን አንቺ ብታሳያት እወዳለሁ።

መንገዱ አያስቸግርሽም፤ ከአዳማ በፈጣኑ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መውጫው ደግሞ እኛው ቱሉ ዲምቱ ነው። ባለቤቴ መጥቶ ይወስድሻል። ቤታችንም ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም። ክፍልሽ ፀሐይ የሚገባበት ነው፤ አልጋሽንም ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ነይና እስከ ገና ሰንብቺ። ስትመጪ የጓሮሽን የጤና አዳም ቅጠልና ያንን ትንሿን ሙቀጫ ይዘሽ ነይ፤ የእኔዋ ተሰንጥቃለች። መድኃኒትሽንም እንዳትረሺ።

ልጄ ከሥር የሽምብራ ቡቃያ ሥላልሻለች፤ እህቴ ታሳይሽ።

የምትወድሽ፣ የምትናፍቅሽ
ልጅሽ