ቅዳሜ ጎርጎራ፦ የእምቦጭ ዘመቻ

ሰላም የሰፈራችን ሰዎች፣

የፊታችን ቅዳሜ የጣናን አረም እምቦጭን ለመንቀል ጎርጎራ እንወርዳለን። የሚመጣ ሰው እስከ ረቡዕ ማታ «አለሁ» ብሎ ይጻፍልን፤ መኪና የምንከራየው በስም ዝርዝሩ ልክ ነው። ኪራዩን እኩል እንካፈላለን።

መነሻችን ጎንደር ፒያሳ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። በአበሻ ቀጠሮ አይደለም፣ መኪናው ሰው አይጠብቅም። አዘዞ ላይ የሚሳፈር ካለ ቀድሞ ይንገረን።

ቦት ጫማና ጓንት ግድ ነው። ጣና ዳር ብልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት የለም። መንሽ ወይም ማጭድ ያለው ይያዝ። ውሃና ስንቅ በየራሳችን።

ለአዲሶች አንድ ነገር፦ እምቦጭ የሚንሳፈፈው አገዳው አብጦ አየር ስለሚይዝ ነው። በቅጠሉ ብቻ ከያዛችሁት ተበጥሶ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ የቀረው መልሶ ያቆጠቁጣል። እጃችሁን ከሥር አስገብታችሁ ከነሥሩ አውጡት። የነቀልነውንም ውሃው ዳር ጥለን አንመለስም፤ ራቅ አድርገን እንከምረዋለን፣ ሲደርቅ ይቃጠላል። ወይን ጠጅ አበባው ሲያዩት ያምራል፣ ግን እባካችሁ ለቤት ጌጥ ብላችሁ እንዳትወስዱ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ባለፈው አንዳንዶቻችሁን አይቻለሁ!

አንድ የምንወስነው ነገር አለ። ከሥራ በኋላ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን እንመለስ ወይስ በጊዜ ጎንደር እንግባ? እኔ መሳለሙን እመርጣለሁ፤ እዚያ ድረስ ወርዶ የግድግዳ ሥዕሎቹን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። «አለሁ» ስትሉ ይህንንም አብራችሁ መልሱልን።