ወይንን ኮሸር የሚያደርገው የረቢ ቡራኬ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከኢየሩሳሌም ወጣ ብሎ በይሁዳ ተራሮች ስላለው የወይን መጥመቂያ ምግብ ቤት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አንባቢዎቻችሁም አይተውታል፤ ስንቱ ሰው በስልኬ እንደላከልኝ ልነግራችሁ አልችልም። ፎቶዎቹ ያምራሉ። የወይን ተክሉ፣ የድንጋይ ቤቱ፣ አይቡ፣ ገና ከምድጃ የወጣው ዳቦ፣ ሁሉም አለ። በዚህ ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ጋዜጠኛችሁ «ኮሸር ወይን ማለት ረቢ የባረከው ወይን ማለት ነው» ብለው ጽፈዋል። ይህን ማን ነገራቸው? ያን ሁሉ ሰዓት እዚያ ተቀምጠው ሲበሉና ሲጠጡ አንድ ሰው መጠየቅ እንዴት አቃታቸው?

ኮሸር ማለት በአይሁድ ሕግ ለመብላትና ለመጠጣት የተፈቀደ ማለት ነው። ረቢ፣ የአይሁድ ሃይማኖት መምህር፣ ወይን ባርኮ ኮሸር አያደርግም። ወይን ላይ የሚባርከው ጠጪው ነው። ዓርብ ማታ አባወራው ጽዋውን ያነሳል፣ የወይኑን ፍሬ የፈጠረውን አምላክ ያመሰግናል፣ ይቀምሳል፣ ለቤተሰቡ ያዳርሳል። አለቀ። ኮሸር ያልሆነ ወይን ላይ የአገሩ ረቢ ሁሉ ተሰብስቦ ቢጸልይበት ያው ኮሸር ያልሆነ ወይን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእርሻው ነው። አዲስ የተተከለ ወይን የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ፍሬው አይነካም። በእስራኤል ምድር በየ7 ዓመቱ መሬቱ ያርፋል። ከተጠመቀው ወይን ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ በለጥ የሚለው የአሥራቱ ድርሻ ተብሎ ይደፋል። ማጥሪያውም ኮሸር መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄው የእጅ ጥያቄ ነው። ዘለላውን ማንም ሊለቅመው ይችላል። ፍሬው ተጨምቆ ጭማቂው መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ግን ጠርሙሱ እስኪታሸግ ድረስ ሰንበት የሚጠብቅ አይሁዳዊ ብቻ ነው የሚነካው። ቧንቧውን የሚከፍተው እሱ ነው። በርሜሉን የሚሞላውም፣ ለቅምሻ የሚቀዳውም እሱ ነው። የወይኑ ጠማቂ ራሱ ሰንበት የማይጠብቅ ከሆነ የገዛ ወይኑን አይነካም። ቆሞ ያዝዛል፣ ሌላ ሰው ይቀዳለታል። ሕጉ የመጣው ድሮ ወይን ለጣዖት ይፈስ ስለነበረ ነው። በኋላም ሊቃውንቱ አብሮ መጠጣት ከሌላ እምነት ሰው ጋር ወደ መጋባት እንዳያደርስ ብለው አጠበቁት።

አንድ መውጫ አለው። ወይኑ በከፍተኛ ሙቀት ካለፈ፣ «መቩሻል» የሚባለው ማለት ነው፣ ማንም ቢከፍተው፣ ማንም ቢቀዳው ችግር የለም። ብዙ የሠርግ አዳራሽና ምግብ ቤት ይህን የሚመርጠው ለዚህ ነው። ያልፈላው ግን ጠረጴዛ ላይ ከተከፈተ በኋላም ማን ቀዳው ይባላል።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ልኳንዳ ቤት በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ አይቶ ነው የሚገባው። ማን አረደው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ጋዜጠኛችሁ ይህን ያህል ቀላል ነገር ለአንባቢያቸው መንገር ሲችሉ የሌለ ቡራኬ ፈጠሩ።

«አንዲት ቃል ናት፣ ምን ያስቆጣሻል?» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ነገሩን ቡራኬ ስታደርጉት የእጁ ጉዳይ ይጠፋል። የእጁ ጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ እኛ እንጠፋለን። በእስራኤል አገር ስለ ኮሸር ወይን ጽፎ ቤተ እስራኤልን፣ እኛን ኢትዮጵያውያን አይሁዶችን፣ አለማንሳት አይቻልም፣ ያውም በአማርኛ!

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 የሆነውን እናንተ ረስታችሁት ይሆናል፣ እኛ አልረሳነውም። ባርካን የተባለው ትልቅ የወይን ኩባንያ ጥብቅ የኮሸር ማረጋገጫ ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይን ከሚነኩበት ሥራ አንስቶ ወደ ሌላ እንዳዛወራቸው የእስራኤል ሕዝብ ማሠራጫ ካን ዘገበ። ምክንያቱ ሰንበት መጠበቅ አለመጠበቃቸው አልነበረም። አይሁዳዊነታቸው ተጠርጥሮ ነው። አገር ጮኸ። በወቅቱ የሴፋርዲም፣ ማለትም ከስፔንና ከምሥራቅ አገሮች የመጡት አይሁድ፣ ዋና ረቢ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ ራሳቸው ነገሩን ዘረኝነት ነው አሉ። ኩባንያውም ውሳኔውን ቀለበሰ። ልብ በሉ፣ የእሳቸው አባት ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት በ1973 ነው። መንግሥትም በ1975 አይሁድ ሁሉ ወደ እስራኤል እንዲገቡ በሚፈቅደው በመመለስ ሕጉ ተቀብሎናል። ከዚያም በኋላ በ1985 ሽማግሌዎቻችን ያ ሁሉ መንገድ አልበቃ ብሎ ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ንጹ ሲባሉ ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ውጭ ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1996 ደግሞ የለገስነው ደም ሲደፋ እንደነበር ሰማን። ደማችን ተደፋ፣ እጃችንም ወይን ያረክሳል ተባለ። ታዲያ ይህ ታሪክ ለናንተ ከአይቡ ዓይነት ያነሰ ወሬ ነው?

አያቴ ጎንደር የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ። እኛ ቤት የሌላ እምነት ሰው የጋገረው እንጀራና የጠመቀው ጠላ አይገባም። ከገበያ የተመለሰ ሰው ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ ባይ» ይሉን ነበር። ሰንበት ሲገባ እሳት አይነድም፣ ውኃ አይቀዳም፣ ዓርብ የበሰለው ቀዝቅዞ ይበላል። ስለ ንጽህና ሌላ ሰው መጥቶ የሚያስተምረን ሕዝብ አይደለንም።

እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ በአንድ የገጠር የወይን መጥመቂያ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። አንድ ምሽት ባልና ሚስት ያልፈላ ቀይ ወይን አዘዙ። መክፈቻውን አስገብቼ ቡሹን ግማሽ ድረስ ስቤዋለሁ። የኮሸር ተቆጣጣሪው፣ ማሽጊያሕ የምንለው፣ ከወጥ ቤት እየተጣደፈ መጣ። የጠርሙሱን አንገት ከእጄ በላይ ያዘና «ተይው፣ እኔ እከፍተዋለሁ» አለ። እንግዶቹ ዓይናቸውን ወደ ምግብ ዝርዝሩ አቀረቀሩ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጠርቶ እናቴ መቼ እንደመጣች፣ በየትኛው ረቢ ፊት እንደቀረበች ጠየቀኝ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነጭ ልጅ ነበረች። ሰንበትን በባሕር ዳርቻ እንደምትውል ራሷ በግልጽ ትነግረን ነበር። ያልፈላውን ወይን ቀን በቀን ስትከፍት፣ ስትቀዳ አንድም ቀን ማንም ምንም አላላትም።

ሕጉን አከብራለሁ። የአያቴም ሕግ ነው። ጥያቄው ሰንበት ከሆነ ስለ ሰንበት ይጠይቁኝ፣ ቀና ብዬ እመልሳለሁ። የቆዳ ቀለም አይተው እናቴን የሚጠይቁ ከሆነ ግን ያ ሕግ አይደለም፣ በሕግ ስም የሚደረግ ንቀት ነው።

ወደ ዘገባችሁ ልመለስ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ከእንግዶቹ ኋላ ሳህን ይዛ የቆመች ልጅ አለች። የኛ ልጅ ናት፣ መልኳ ይናገራል። ጋዜጠኛችሁ በአማርኛ ሰላም ቢሏት ኖሮ ስለ ኮሸር ወይን የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ትነግራቸው ነበር። ጠርሙሱን ትከፍት ወይም አትከፍት እንደሆነም ትነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን «ሥጋ አለመኖሩ ቅር ያሰኛል» የሚል አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈዋል። ምግብ ቤቱ አይብ የሚያቀርብ ከሆነ ሥጋ አያቀርብም፣ በኮሸር ሕግ ሁለቱ አይቀላቀሉም። ይህንንም የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙ። እርማቱ ማንም በማያየው ጥግ ሳይሆን እዚያው ዘገባው አናት ላይ ይውጣ። ሌላ ጊዜ ወደ ወይን መጥመቂያ ሰው ስትልኩ ደግሞ ጋኖቹን ማን እንደሚያጥብ፣ ቧንቧውን ማን እንደሚከፍት፣ ማንስ እንዳይነካ እንደተከለከለ ጠይቆ ይምጣ። የሚያስተረጉም ካጣ እኔ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቤተ እስራኤል ልጅ፣ ከእስራኤል