ጥሬ ቀረጻውን አትስጪ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር ደህና ነን። እናትሽ ግን እንቅልፍ አጥታለች። ወንድምሽ ነው የነገረን፤ አትቆጪው። ፊልምሽን የሚመረምረው ቢሮ ሙሉ ቀረጻውን ከነሃርድ ዲስኩ አምጪ ብሎሻል አሉ።

አትስጪ። ፊልሙን ይቁረጡት፣ ከፈለጉም ያግዱት። የመንዝ ሰው ፊት ያለበትን ጥሬ ቀረጻ ግን አትስጪ። ስለ ማዳበሪያው የነገረሽ ሽማግሌ ትዝ ይልሻል? ፊቱን ብትሸፍኚው እንኳን፣ ትከሻው ላይ የተጣፈውን በርኖስ ያየ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንቺ አዲስ አበባ ነሽ፤ እሱ እዚያው ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራ ክልክል ነው ይላል ትይኛለሽ። ይላል። ኬላ ላይ የሚጠየቀው ግን የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

በ1965 የወሎ ሰው በረሃብ ተሰዶ በደሴ መንገድ ሲመጣ፣ አያትሽ ደጃፋችን ላይ ንፍሮ ታድል ነበር። መንግሥት ግን ነገሩን ደብቆታል። ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ቀረጸውና አገሩ ላይ አሳየው። እኛ ያየነው በ1967 የዘመን መለወጫ ማታ፣ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ነው። ደርግ መሃል መሃሉ ላይ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል እየቀጠለበት አቀረበው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። (ያው ደርግ በ10 ዓመቱ በዓሉን ሲደግስ የራሱን ረሃብ ደበቀ።) ቤቱ ሁሉ ጉድ ሲል አያትሽ ብቻ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግታ ፊት ትፈልግ ነበር። ንፍሮ የሰጠቻት አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። አገኘቻት ይሆን? ሳልጠይቃት አረፈች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰውየው የቀረጸው የተራበ እንዲታይ ብሎ ነው። መቀሱ ሌላ እጅ ሲገባ ንጉሥ ማውረጃ ሆነ። ያንቺንስ ማን፣ ከምን ጋር ይቀጥለዋል? ስለዚህ አትስጪ።

ሥራሽን ተይ አላልኩሽም። እኔም ኮርቼብሻለሁ፤ ለእናትሽ አትንገሪ እንጂ።

በሶና ባና ልኬልሻለሁ። ቅዳሜ ላምበረት መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበይ። ባናውን ለጓደኛ እንዳትሰጪ፣ እናትሽ ትጠይቅሻለች። መታወቂያሽን አሳድሺ። ስልክሽ ላይ ያለውን ቀረጻ ዛሬውኑ አጥፊ፣ ሌላውን ቅጂ ከቤትሽ አውጪ። ዕቃው ሲደርስሽ ደውይ፤ ስለ ፊልሙ ግን በስልክ አታውሪ።

አባትሽ