ሞርፊኑን ቀንሱለት ስላልከው

ማሙሽ፣

እህትህ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው ነበር። «ሞርፊኑን ቀንሱለት፣ ሱስ ይሆንበታል» ስትል በጆሮዬ ሰማሁህ። አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

በ74 ዓመቴ ምን ሱስ ይይዘኛል ልጄ? ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። እንደኔ አጥንት ለደረሰ የፕሮስቴት ነቀርሳ ህመም በልኩና በሰዓቱ ሲወሰድ ሱስ ብዙ የሚያሰጋ ነገር አይደለም አለኝ። ሰውነት ይለምደዋል፤ ስለዚህ በአንዴ አይቋረጥም። መልመድ ሌላ፣ ሱስ ሌላ። እህትህ ግን አንተን ሰምታ ደነገጠችና የማታውን ግማሹን ሰጠችኝ። ሌሊቱን ከማራገቢያው ጋር ሳወራ አደርኩ። የድሬ ሌሊት ሙቀቱ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ስማ፣ ደግመህ እንዳትላት። የሞርፊኑ ሽሮፕ በየ4 ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12። ሌሊት 8 ላይ እንዳልነቃ ደግሞ ማታ 4 ላይ እጥፉን እንድወስድ አዘውልኛል። ህመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ከመጣ በኋላ ማስታገስ፣ የሄደ ባቡር መከተል ነው። ይሄን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

የጨረር ሕክምናዬንም «አንድ ቀን ብቻ? ሸወዱን» ብለህ ነበር። አልሸወዱንም። ነቀርሳ አጥንት ደርሶ ለሚያመጣው ህመም አንድ ቀን የሚሰጠውም ብዙ ቀን ተከፋፍሎ የሚሰጠውም በማስታገስ እኩል ናቸው። ልዩነቱ፣ የአንድ ቀኑ በኋላ መደገም ሊያስፈልገው ይችላል። ነቀርሳውን አያጠፋውም፤ ለህመሙ ነው። መጀመሪያዎቹ ቀናት ባሰብኝ፤ እናትህ ገደሉት ብላ አለቀሰች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ዳሌዬ ቀለል አለኝ። ወገቤ ላይ የቀረውን ነው በሽሮፑ የምይዘው። ገላዬን ከመታጠቤ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ከወሰድኩ ወንበሩ ላይ መቀመጥ እችላለሁ።

ጫት ትቻለሁ። ጓደኞቼ ከሰዓት እየመጡ ይቅማሉ፤ እኔ ሻይ እጠጣለሁ። ሞርፊኑ ራሱ ሆድ ያደርቃል፣ ጫት ሲጨመርበት አያድርስ ነው። ሽንትም ይይዛል።

አሁን ወደ አንተ። ወገብህን እያመመህ፣ ኪኒን እየዋጥክ ሥራ ትውላለህ አሉ። ሲያምህ ተናገር። ለሚስትህ፣ ለሐኪም፣ ለእኔም ቢሆን።

ይሄን የምልህ እኔ መሆኔ ያሳፍረኛል። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ምሳዬን ይዘህልኝ የምሠራበት ባቡር ጣቢያ፣ ሸማንደፈር መጥተህ፣ ከቆመ ፉርጎ ላይ ወደቅክ። ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አልኩህ። ከንፈርህን ነክሰህ ዝም አልክ። ጀግናዬ ብዬ ለስላሳ ገዛሁልህ። ሁለት ቀን በተሰበረ ክንድ ትምህርት ቤት ሄድክ። በሦስተኛው ቀን እናትህ ልታጥብህ ልብስህን ስታወልቅ ጮኸች። ወጌሻው አሸው፣ ግን ተጣሞ ገጠመ። አሁንም ሸሚዝ ስትለብስ እጅጌህ አንድ ወገን ያጥራል። አያለሁ። ለስላሳውን ደግሞ በግራ እጅህ ነበር የያዝከው፣ ያኔ እንኳ አልገባኝም።

ለራሴም ያንኑ አደረግኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት አምስቴ ለሽንት እየተነሳሁ «ሙቀቱ ውሃ ያስጠጣኛል» እላት ነበር እናትህን። ወገቤን ሲይዘኝ፣ ነቀርሳው አጥንት ደርሶ ነበር። ያፈርኩት ከማን እንደሆነ አላውቅም።

44 ዓመትህ ነው። አባቱ የፕሮስቴት ነቀርሳ የያዘው ሰው ከሌላው ይልቅ ለበሽታው የቀረበ ነው። ሐኪም ጋ ሂድና ፒኤስኤ ስለሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ጠይቅ። «ጊዜ የለኝም» እንዳትለኝ። የወገብህን ነገርም እዚያው ንገረው። ሲያምህ ተናገር አልኩህ።

ለሁላችሁም የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። እግሬ ድንገት ቢዝል፣ ቢደነዝዘኝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ቢያቅተኝ ወይም ቢያመልጠኝ፣ ነገ ይሻለዋል አትበሉ። ነቀርሳው አከርካሪ ውስጥ ያለውን ነርቭ ሲጫን እንደዚያ ነው። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል። ለእህትህ ነግሬያታለሁ፤ አንተም በስልክ አስታውሳት፣ ትረሳለች።

ለመስቀል ስትመጣ፣ ቁም ሣጥንህ ላይ የተውኩትን የወገቤን የራጅ ፊልም ይዘህ ና። የሽንት ፕላስቲክም ግዛልኝ፣ ክዳን ያለውን። የሆድ ማለስለሻው እያለቀ ነው፣ ሁለት ፓኮ። የቤቱን ግብር እኔ ከፍያለሁ፣ አትላክ። ለልጆቹ ማንጎ ይቀመጥላቸዋል፤ እናትህ ከአሁኑ ጎረቤት እንዳይነካው እየጠበቀች ነው።

አዲስ አበባ ብርድ ነው። ያ ክንድህ ሲበርደው ያምሃል? እስከ ዛሬ ጠይቄህ አላውቅም። እውነቱን ጻፍልኝ።

አባትህ
ድሬዳዋ