ለእማዬ፤ የጉደኛው ነገር

አሰላሙ ዓለይኩም እማዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው? ደሴ ብርዱ በርትቷል ብለውኛል። ጋቢሽን ሳትደርቢ ደጅ እንዳትወጪ።

ስደውልልሽ ድምፄ እየጠፋብሽ "ምን አልክ? ምን አልክ?" ስትይ ሆዴ ይባባል። ከዚያ ታናሼ ስልኩን ትቀበልሽና የኔን ላንቺ፣ ያንቺን ለኔ ታደርሳለች። አላህ ይስጣት። ግን በሰው አፍ የማይላክ ነገር አለ። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የለየሽው ፊደል ዛሬም እንዳልጠፋሽ አውቃለሁ። እንዲቀልሽ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌዋለሁ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ እያልሽ አንብቢው። በአንድ ቀን ካላለቀ ለነገ አሳድሪው።

ነገሩ የጉደኛው ነው። ያ ዓይኑ የፈጠጠው፣ ቡናማ ኮት የሚለብሰው ፈረንጅ። እኛ ልጆቹ ሚስተር ቢን እንለው ነበር፤ አንቺ ግን ስሙ አልያዝልሽ ብሎ "ጉደኛው" አልሽው፤ በዚያው ቀረ። ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ፊልሙን እንደገና አየሁት። ሙሉውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ፒያሳ ቪዲዮ ቤት አብረን ካየነው ወዲህ ቁርጥራጩን በስልክ ሳይ ኖርኩ እንጂ ሙሉውን አይቼው አላውቅም ነበር። ሳቅሁ። መጨረሻው ላይ ግን እንባዬ መጣ፤ ያንቺ ነገር ትዝ ብሎኝ።

ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ጤፍ ይዤ ወፍጮ ቤት ላክሽኝ። ወረፋው ረዘመብኝ። ወረፋዬን ለጎረቤት ልጅ አስይዤ፣ ከማስፈጫው ላይ 50 ሳንቲም ቆንጥሬ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። በሩ ላይ በጠመኔ "ሚስተር ቢን፣ አዲሱ ፊልም" ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያን አይቶ ማን ያልፋል? ተከታታዩን በካሴት አይተን ጨርሰነው ነበር። አረንጓዴዋን መኪናውን በጓጉንቸር ሲቆልፋት፣ ድቡን አቅፎ ሲተኛ፣ ባለሦስት እግሯን ሰማያዊ መኪና ባገኛት ቁጥር ሲገፋት። ሰፈር ውስጥ የእሱን አካሄድ የማይሄድ ልጅ አልነበረም።

ክፍሉ ጨለማ ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል፤ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። እርጥብ ሹራብና ፈንድሻ ይሸታል። ጉደኛው ዶሮ የሚያህል ሳይሆን በግ የሚያህል ወፍ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀርቅሮ ሲንገዳገድ፣ የቆርቆሮው በር ተከፈተና ብርሃን ገባ። አንቺ ነሽ። ነጠላሽ ዝናብ ጠጥቷል፤ በእጅሽ አርጩሜ ይዘሻል። እኔ ከአግዳሚው ሥር ልገባ ስል፣ ዓይንሽ ቲቪው ላይ አረፈ።

አርጩሜው ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ቀስ እያለ። ከዚያ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አደረግሽ። ትከሻሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ያ ረቢ! ምን ዓይነቱ ነው?" አልሽ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ተነስቶ የራሱን ዱካ ሰጠሽ። እንቢ ትያለሽ ብዬ ነበር። ተቀመጥሽ። እዚያ ቤት ውስጥ ብቸኛዋ ሴት፣ ብቸኛዋ እናት አንቺ ነበርሽ።

ስትስቂ እምብዛም አላይሽም ነበር፣ እማዬ። አባቴ ካለፈ በኋላ ቤታችን የሥራ ቤት ነበር። እንጀራው፣ የሚታጠበው ዕቃ፣ የቤት ኪራዩ። ያን ቀን እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። እኔ ፊልሙን ትቼ አንቺን አየሁ።

ከዚያ ሥዕሉ መጣ። አንዲት አሮጊት፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፣ በጎን ዞራ የተቀመጠች። ጉደኛውን ከእሷ ጋር ብቻውን ተዉት። አስነጠሰባት። በመሀረቡ ሊጠርጋት ሲል መሀረቡ ላይ ቀለም ነበረበት፤ ሰማያዊ ሆነች። ደንግጦ ዕቃ ቤት ወስዶ ማቅለሚያ የሚያቀጥኑበትን ነገር አፈሰሰባት፤ ፊቷ ቀልጦ ወረደ። በባዶው ቦታ የሕጻን ሥዕል የመሰለ ፊት በእስክሪብቶ ሣለባት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንቺ ብቻ ዝም አልሽ። እጅሽ ጉንጭሽ ላይ ነበር። "ውይ ፊቷን! የማን እናት ናት?" አልሽኝ። "ማዘር" የምትለዋን ቃል ብቻ ለይቼ ስለነበር "የሠራት ሰውዬ እናት ናት መሰለኝ" አልኩሽ።

መጨረሻ ላይ ጉደኛው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ተናገረ። ፊልሙን ሙሉ እምብዛም ያልተናገረ ሰው ያን ያህል ሲያወራ ገረመሽ። "ምን እያለ ነው?" አልሽኝ። አንቺ ትምህርት ቤት የላክሽኝ እንግሊዝኛ እንዳውቅ ነው። አልገባኝም ማለት አፈርኩ። "ይቅርታ እየጠየቀ ነው" አልኩሽ።

እማዬ፣ ውሸት ነበር። ቃሉን አላወቅሁትም። ያን ጊዜ ፊትሽ እንዴት እንደበራ አይቻለሁ። "እንዲያ ነው እንጂ!" አልሽ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እኔና እህቴ በተጣላን ቁጥር "ጉደኛው እንኳ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል" ትይን ነበር። ቡናው ላይም እንዲሁ። ለጎረቤት ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ ፊልሙን ተረክሽላቸው። ተነስተሽ እያስነጠስሽ፣ በነጠላሽ ጫፍ ግድግዳውን እየጠረግሽ። ፊልሙን ያላዩት ሴቶች ካየነው ከኛ በላይ ሳቁ። "እስቲ ያን ጉደኛ አምጪልን" እያሉ ለሌላ ቀን ቡናም ይለምኑሽ ነበር። ታሪኩን ስትጨርሺ ግን ሁልጊዜ ይቅርታው ላይ ነበር የምታቆሚው። ያ ይቅርታ የኔ ፈጠራ ነበር።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ጉደኛው ይቅርታ አልጠየቀም። ሌሊቱን ተደብቆ ገብቶ የተበላሸውን በወረቀት በታተመ ምስል ተክቶት ነበር። በእንቁላል ነጭና በጥፍር ቀለም ቀብቶ አሮጌ አስመሰለው፤ ማንም አላወቀበትም። እና ሊቅ መስሏቸው "ስለ ሥዕሉ ተናገር" አሉት። መጀመሪያ ሥዕሉ ትልቅ መሆኑ ጥሩ ነው አለ፤ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ሰው አያየውም ነበር ብሎ። ከዚያ ግን ስላረፈበት ቤተሰብ አነሳ። ቤተሰብ ትልቅ ነገር መሆኑን እዚያ እንዳየ ተናገረ። ሠዓሊው እናቱ እንደማታምር፣ ፊቷ የማይፈታ አሮጊት እንደሆነች እያወቀ እንኳ ከጎኗ አልራቀም፤ ጊዜ ወስዶ ሣላት፤ ሥዕሉን ውድ የሚያደርገው ይህ ነው አለ። አነጋገሩ ባለጌ ቢጤ ነው፤ ሁሉንም አልጽፍልሽም። ነገሩ ግን ይኸው ነው። ሰው የሚወዳትን እናቱን ሣለ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የኖርኩት። እዚህ አዲስ አበባ፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻዬን ስሰማው ነው የገባኝ።

ብዙ ወዳጆቹ በዚህ ፊልም ላይ ቅሬታ አላቸው። በተከታታዩ ጉደኛው ዝምተኛ ነው፤ ፊልሙ አስወራው፣ አሜሪካ ወስዶ አበላሸው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሰውዬው ሰዓት ከምናምን እምብዛም ሳይናገር ቆይቶ አንዴ ሲናገር ስለ እናት መናገሩ ትክክል ነው። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ራሱ እንደሚንተባተብ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት ግን መንተባተቡ እንደሚጠፋ ተናግሯል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያ ንግግር ይበልጥ ከበደብኝ። ደግሞ ይህን ስሚ፤ ኦክስፎርድ ድረስ ሄዶ የተማረው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። አንቺ ያን ሁሉ ዓመት "መሐንዲስ ሁንልኝ" ያልሽኝን ነው የተማረው። ጉደኛውን መፍጠር የጀመረውም እዚያው ተማሪ ሳለ ነው። ተከታታዩ በፈረንጆቹ 1990 ጀምሮ በ1995 ሲያበቃ 15 ክፍል ብቻ ነበር። እኛ ግን እየደጋገምን ስላየነው መቶ ይመስለን ነበር። ፊልሙ በ1997 ወጣ። ለመሥራት 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ከዚያ ውስጥ ያንቺ ገንዘብ የለበትም። ባለቤቱ አላስከፈለሽም።

ከ10 ዓመት በኋላ የመጣውን ሁለተኛውን ፊልም ቤት ውስጥ በዲቪዲ አይተነዋል፤ ፈረንሳይ የሚሄድበትን። እሱም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል የሚሉ አሉ። አንቺ ግን ልጁን ከአባቱ ስለለየው ተቀይመሽው ነበር። አባትና ልጅ እስኪገናኙ ድረስ ምግብሽን አልነካሽም።

ስለዚያች ሴትዮ ደግሞ አጣርቼልሻለሁ። ያኔ "ፊቷ እውነት ጠፋ?" ብለሽኝ ነበር። አልጠፋም። በፊልሙ ሥዕሉ ለአሜሪካ በ50 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ይባላል እንጂ፣ እውነተኛው ዛሬም ፈረንሳይ አገር ነው። ፓሪስ፣ ኦርሴ የሚባል ሙዚየም ቤቱ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት የገዛው በፈረንጆቹ 1891 ነው። ሴትዮዋ አና ትባል ነበር። ልጇ ጄምስ ዊስለር አሜሪካዊ ነው፤ የሣላት ግን ለንደን ተቀምጦ በፈረንጆቹ 1871 ነው። አባ ታጠቅ ካሳ መቅደላ ላይ ካለፉ 3 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አያትሽ ስለ መቅደላ የነገሩሽን ስታወሪልን ትዝ አለኝና በዚያ ቆጠርኩልሽ። መጀመሪያ ቆማ እንድትሣል ፈልጎ ነበር፤ ደከማትና ተቀመጠች ይባላል።

ሥዕሉን አሳድጌ ትንሽ ቆይቼ አየሁት። ነጭ ሻሽ አስራለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መሀረብ ይዛለች። እግሮቿን ዝቅ ያለች መረገጫ ላይ አሳርፋለች። ወደኛ አታይም። አንቺ ከሰላት በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጠሽ ጉም የለበሰውን ጦሳን ስታዪ የምትቀመጪው እንዲሁ ነው። መቁጠሪያሽ እጅሽ ላይ፣ እግርሽ ዱካ ላይ። ስንት ጊዜ በበሩ ገብቼ እንዲያ አግኝቼሽ "ቡና አለ?" ብዬ ብቻ አልፌያለሁ።

ስለዚህ ያኔ ጉደኛው ያላለውን እኔ ልበለው። ለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ። ለ50 ሳንቲሟም።

ኢንሻአላህ ለአረፋ እመጣለሁ። ፊልሙን በኮምፒውተሬ ይዣለሁ። ጆሮዬ አይሰማም ብለሽ አታስቢ፤ ያኔም እንግሊዝኛው አልገባሽም፣ ግን ከሁላችንም በላይ የሳቅሽው አንቺ ነበርሽ። ጎረቤቶቹም ይምጡ፤ ስንት ዓመት ካንቺ አፍ የሰሙትን ይዩት። አውቶቡሱ ኮምቦልቻን አልፎ ሐረጎን መውጣት ሲጀምር እደውላለሁ፤ ታናሼ ታንሳልሽ። ያን ጊዜ ቡናውን ቁይ። አቦሉ ላይ እደርሳለሁ።

ንግግሩ ጋ ሲደርስ አቆመዋለሁ። በሚሰማሽ በቀኝ ጆሮሽ በኩል ተቀምጬ፣ ያለውን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።

ልጅሽ