ረቂቁ ኮሚቴ እጅ ሳለ ንገሩን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደብረ ሲና ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ አዋጅ የምታወጡትን ዜና እያነበብኩ ለባለጉዳዮች አስረዳለሁ። ዛሬ ግን የምለምናችሁ ነገር አለኝ፦ ረቂቅ አዋጅ ገና በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ እየታየ ሳለ ንገሩን።

በቀደም ከጣርማ በር በኩል አንድ አባት መጡ። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ገበሬ መሬቱን የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። «ልጄ፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ጻፍልኝ፤ ሳያሳልፉት ይድረስልኝ» አሉኝ። «አባቴ፣ አዋጁ እኮ ወጥቷል። እነሱ ጋ አይሄድም» አልኳቸው። «ምክር ቤቱ ሁለት አይደል እንዴ?» አሉኝ ደንግጠው። ስጋታቸው አንድ ነው፦ ልጃቸው ተበድሮ መክፈል ቢያቅተው የልጅ ልጆቻቸው ምን ያርሳሉ? ረቂቁ ሳይጸድቅ ኮሚቴው ፊት መቅረብ የነበረበት ጥያቄ ነው።

ቢያምታታቸው አይፈረድባቸውም። መስከረም መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንቱ ንግግር ሲያደርጉ ሁለቱም ምክር ቤቶች አብረው ተቀምጠው በቴሌቪዥን እናያለን። በንጉሡ ጊዜም ረቂቅ በሕግ መምሪያና በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች ያልፍ ነበር። አሜሪካም ሁለቱ ምክር ቤቶች ረቂቁን በአንድ ዓይነት ቃል ካላጸደቁት ፕሬዚዳንቱ ዘንድ አይደርስም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ሕግ ማውጣቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ለክልሎች የሚሰጠውን የድጎማ ቀመር ይወስናል። ረቂቅ አዋጅ ግን አያጸድቅም፣ አይጥልም። ፕሬዚዳንቱም በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ አዋጁ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል።

ስለዚህ እንደ እኛ ላለ ሰው ዋናው ጊዜ ረቂቁ ቋሚ ኮሚቴ እጅ ያለበት ነው። አብዛኛው ረቂቅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። በመጀመሪያ ንባብ ማብራሪያ ይሰማና ለኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል፣ አስረጂ ይጠራል፣ ውይይት ያዘጋጃል። ቃል የሚስተካከለው፣ አንቀጽ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሪፖርቱ ለሁለተኛ ንባብ ቀርቦ እጅ ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል? እናንተ ግን ዜናውን ጎላ አድርጋችሁ የምታወጡት ያን ቀን ነው። «ጸደቀ» ትላላችሁ፣ እኛም አበቃ እንላለን።

እባካችሁ ረቂቁ ለኮሚቴ በተመራበት ሳምንት ጻፉልን። የትኛው ኮሚቴ ያዘው? ውይይቱ መቼና የት ነው? በተለይ ገበሬውን የሚነካውን አንቀጽ ሳታሳጥሩ እንዳለ አውጡት። ማጠቃለያ ብቻ ሲሆን ሰው የሚፈራውም የሚደግፈውም ያልተጻፈውን ነው። እኔ በገበያ ቀን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የማይችል ሁሉ ሐሳቡን ይንገረኝ፤ ለኮሚቴውም ለመረጥነው ተወካይም እጽፍለታለሁ። ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ ገንዘብ አልቀበልም።

ማመልከቻ ጸሐፊው
ከደብረ ሲና፣ ሰሜን ሸዋ