የአውቶ ክበብ ዓመት፦ ቮልሷ እንጦጦ ወጣች

ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ጀርባ ሸራ ለብሳ የምትቆመውን ሰማያዊ ቮልስ የማያውቅ የግቢያችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ሂሳብ ያስተምሩ የነበሩት ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ለክበቡ የሰጡን ናት፣ የ1970 (እ.ኤ.አ) ሞዴል፣ 1300 ሲሲ፣ 12 ቮልት። ዘንድሮ አውቶ ክበብ ምን ሰራ ለምትሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚሰራ የነዳጅ ፓምፕ ገጠምንላት። "አንድ ፓምፕ ለመግጠም ዓመት ሙሉ?" ያሉኝ ባልደረቦች ስላሉ ነገሩን ከስሩ ልንገራችሁ።

የቮልስ ሰልባትዮ (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ፊት ነው፣ ሞተሩ ኋላ። ፋብሪካው የገጠመላት ፓምፕ ሞተሩ ላይ፣ ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ተቀምጦ ቤንዚኑን ከፊት ድረስ ይስባል፣ እዛ ደግሞ ሙቀቱ አይቻልም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ በዛ ላይ ፓምፑ ሲስበው የመስመሩ ግፊት ጭራሽ ይወርድና ቱቦው እንፋሎት ይሞላል፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ጋ ነዳጅ አይደርስም፣ መኪናው ቀጥ ይላል። ቮልስ የነዳ ሰው ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መንገድ ዳር ሲጠብቅ የዋለበት ቀን አያጣም።

ኅዳር ላይ ሆን ብለን በቀትር ወደ እንጦጦ አወጣናት፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱ ጠንከር ሲል ጠፋች። ጨርቅ ነከርን፣ ጠበቅን፣ መጨረሻ ላይ አዙረን ቁልቁል ለቀቅናት። ግቢ ገብተን የዘይት መለኪያውን ስናወጣው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የፓምፑ ሜምብሬን (ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ) ተቀዶ ቤንዚኑ ዘይቱ ውስጥ እየገባ ነበር ማለት ነው፣ እንዲህ ሆና ብትነዳ ዘይቱ ቀጥኖ ሞተሩን ይበላዋል። አዲሱን ፓምፕ ያሰብነው ያኔ ነው።

ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከ9 ሰዓት በኋላ 23 ልጆች በአንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ስንሻማ ከረምን ብል ይበቃል። ጥር ላይ አንድ ስህተት ሰራን፣ "ይሆናል" ተብለን የገዛነው ፓምፕ ለኢንጀክሽን መኪና (ካርቡሬተር ለሌለው፣ ነዳጁ በግፊት ለሚረጭበት) የተሰራ ሆኖ ተገኘ፣ እሱ 3 ባር ገደማ ይገፋል፣ የኛ ካርቡሬተር ደግሞ ከ0.2 ባር ብዙም አይፈልግም፣ ሳንለካ ስለገጠምነው ቤንዚኑ ካርቡሬተሩን አልፎ ሞተሩ ላይ ፈሰሰ። ቶሎ አጠፋነው፣ ማንም አልተጎዳም፣ ግን በዛን ቀን በእጃችን የነበረው እሳት ማጥፊያ ከኬሚስትሪ ላብ የተዋስነው ነበር፣ ይሄን የምጽፈው የሚመለከተው እንዲያነበው ነው።

ሁለተኛው ፓምፕ ትክክለኛው ነው፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው ዓይነት። ፊት ሰልባትዮው ስር፣ ከሙቀት ርቆ፣ ከፊቱ ፊልተር አድርገን ሰቀልነው፣ እነዚህ ፓምፖች ከመሳብ ይልቅ መግፋት ነው የሚችሉበት፣ የተገፋ ቤንዚን ደግሞ በቀላሉ አይተንም። የድሮውን ፓምፕ ከነዘንጉ አውጥተን ቀዳዳውን የብረታ ብረት ክፍል ልጆች በቆረጡልን ክዳን ደፈንነው። አልጣልነውም፣ "ኦሪጅናሉን አበላሻችሁ" ለሚሉን በካርቶን ተቀምጧል።

እኔ ሽቦውን በፊውዝና በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ስዊች) ከቁልፉ ጋር አገናኝቼ ልጨርስ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ መስከረም ላይ ቺያቬ (መፍቻ) ለመያዝ እንኳ ትሸማቀቅ የነበረች ልጅ፣ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ መኪናዋ ብትጋጭና ሹፌሩ ራሱን ቢስት ፓምፑን ማን ያጠፋዋል?" የድሮው ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ ይሄኛው ግን ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ በተቆረጠ ቱቦ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ሥራውን አስቆምኩ። ሲጋጭ መስመሩን የሚቆርጥ ስዊች ከአሮጌ መኪና ላይ ተፈልጎ እስኪገኝና እስኪሞከር ሁለት ሳምንት ሄደ፣ እንኳንም ሄደ።

ግንቦት ላይ በአንድ ቅዳሜ፣ አሁንም በቀትር ወጣን። እኔ መሪ ላይ፣ ጋሼ ጎኔ፣ ያቺ ልጅና ሁለት ጓደኞቿ ኋላ፣ ሌሎቹ በታክሲ። ኅዳር ላይ የጠፋችበት ቦታ ስንደርስ አልጠፋችም፣ ራሳችን አጠፋናት። ትኩስ ሞተር ቆሞ ሲቆይ ነው ሙቀቱ የሚብሰው፣ ስለዚህ አስር ደቂቃ ጠበቅን። ከዛ ልጅቷ ወረደችና ፊት ጎማው አጠገብ በርከክ ብላ "ጸጥ በሉ" አለች፣ ቁልፉን ግማሽ ከፈትኩ። ጠቅጠቅጠቅጠቅ፣ ከዛ ቀስ እያለ ጠቅ... ጠቅ... "ሞላ ቲቸር፣ አስነሳት!" በአንዴ ተነሳች። እንጦጦ ማርያም ድረስ አንዴም ሳትንገጫገጭ ወጣች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ጋሼ መንገዱን ሙሉ ቃል አልተነፈሱም፣ ላይ ስንደርስ ከወንበራቸው ስር ያቺን ለፓምፑ የሚነክሯትን አሮጌ ፎጣ አወጡና ለልጅቷ ሰጧት፣ "እንግዲህ እጅሽን ጥረጊበት ልጄ"። ወደ ኮፈኑ ዞር ብዬ የሆነ ነገር የማይ መሰልኩ፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ "የቮልስ ትምህርት ለምን ይጠቅማል?" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ልጆቻችሁ ዘንድሮ የተማሩት ሪሌ፣ ፊውዝ፣ የሽቦ ውፍረት መምረጥ፣ በቴስተር ብልሽት መፈለግና ከአደጋ በፊት ስለ አደጋ ማሰብ ነው፣ ይሄ ኤሌክትሪክ መኪና ላይም ያው ነው፣ ደግሞ ከተማው ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ነገ ጠዋት አይጠፉም።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንለምነው የራሳችን እሳት ማጥፊያ፣ ሦስት ቴስተርና አንድ ጤነኛ ክሪክ ነው። ያገለገለም እንቀበላለን። ከዛ ወደ ፍሬኗ እንገባለን፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ወደ ግራ ስትጎትት ልጆቹ ከኔ ቀድመው አይተዋታል።